ዘመድ የሌለው ሳጥን

በዚያን ዘመን መካኒሳ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚሞተው በብርድ ነበር። ጎረምሳው ይከሳል፣ ይስላል፣ አልጋ ይይዛል፤ ምን ሆነ ሲባል ብርድ መትቶት ነው ይባላል። ልጆቿን ያላሳደገች እናት ትቀበራለች፤ ድንኳን ውስጥ ምን ነካት ብሎ ለጠየቀ ብርድ ይሉታል፣ ጠያቂውም አንገቱን ይደፋል። የበሽታውን ስም ሁላችንም እናውቀው ነበር። ስሙን የጠራ ግን አከራዩ ቤቱን ያስለቅቀዋል፣ ልጆቹን የሚያጫውት ይጠፋል፣ ቧንቧ ላይ ከሱ ኋላ የሚሰለፍ አይገኝም። ስለዚህ ብርድ ነበር።

ይህን የምጽፈው ስለ ጎረቤቴ ልጅ ነው። ከጎረቤቴ ጋር የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ነበር፤ እሱም ከሥሩ ዝጎ ስለተበላ ዶሮዎቻችን የማናችን እንደሆኑ ሳያውቁ ኖሩ። እኔ ከመንዝ የመጣሁ ኦርቶዶክስ፣ እሷ ከወላይታ የመጣች ጴንጤ። ሀና ማርያም አስቀድሼ ስመለስ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «አሁንም ቆማችሁ ነው? እኛ እኮ ወንበር አለን» ትለኛለች። እኔም ወንበር ላይ የተቀመጠ ጸሎት ያንቀላፋል እላታለሁ። እንዲህ እየተባባልን ብዙ ዓመት አብረን ኖርን። ያለቻት አንዲት ሴት ልጅ ናት። ልጅቷ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፣ አገባች፣ ባሏ በብርድ ሞተ፣ እሷም ከስታ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰችና ከመጋረጃው ጀርባ ተኛች።

ፕሮጀክት የሚባለው ወደ ቀበሌያችን የመጣው ያኔ ነው። አዳራሽ ተጠርተን ሄድን። አለቃቸው መነጽር ያደረገ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። አልጋ የያዘ በሽተኛ ያለበትን ቤት እየዞረች የምታይ ነርስ ሊመድቡ ነው፤ የሕመም ማስታገሻ ትሰጣለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ ዱቄትና ዘይትም አብሮ ይመጣል። ነርሷ ግን አንዲት ናት፣ በሽተኛው ደግሞ ብዙ። ማን ይቅደም የሚለውን ቀበሌው ውስጥ የሚቀመጥ ኮምፒውተር ይለያል አለን።

«ማሽን ዘመድ የለውም» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ዘመድ ያለው ማን እንደሆነ እናውቃለና። ከዚያ በፊት እርዳታ በመጣ ቁጥር ተረጂውን የሚመርጠው ኮሚቴው ነበር፤ የድሃው ዘይት ኮሚቴውን የሚመራው ሰውዬ እህት ሱቅ መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ እናየው ነበር። ሰውዬው ራሱ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ከእኛ ጋር ሳቀ።

አለቃው ቀጥሎ ያለው ነገር ደግሞ ልቤን ወሰደው። ማሽኑን ከመሥራታቸው በፊት እኛን ሊጠይቁ ነው። እንዴት እንደምንኖር፣ ምን እንደሚቸግረን፣ ችግራችንን በምን ቃል እንደምንናገር ቤት ለቤት ዞረው ከአፋችን ይሰማሉ፤ ሳይጠይቁ የሠሩት ነገር ለማንም አይጠቅምም አለ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሲነገረኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ሲያስቆጥሩኝ እንኳ ምን መማር ትፈልጊያለሽ ያለኝ የለም። ተነሣሁ።

«እንግዲያው ማንም ስለማንም አይናገር» አልኩ። «ስለ ሌላው እየተናገሩ ነው የበሉን። እያንዳንዱ ስለ ቤቱ በራሱ አፍ ይናገር፤ ሳጥናችሁም የሰማውን ብቻ ይያዝ።»

አጨበጨቡልኝ። አለቃው ቃሌን ጽፎ ደግሞ አነበበና ሕግ እናደርገዋለን አለ። አደረገውም።

ለሰፈራችን የተመደበችው ጠያቂ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ልጅ ነበረች፤ ጭቃችንን በማያውቅ ጫማ መጣች። ውሻውንም ጉራንጉሩንም ስለማታውቅ እኔ እየመራሁ አዞርኳት። በየቤቱ እንግዳ ናትና ወንበር ይጠረግላታል። ጡረታ የወጣ አንድ ዘበኛ ጎረቤታችንን የሚቸግርዎት ምንድን ነው ብላ ብትጠይቀው፣ ወደ ጓዳ አየት አድርጎ፣ «ሚስቴ ናት፤ ማሽኑ የሚወስዳት ከሆነ መዝግቢያት» አላት። ሚስትየው ከጓዳ፣ «እኔ ብሄድ ማን ካልሲህን ያገኝልሃል?» አለች። ልጅቷ ሳቀች። ሰውን መስማት የምትወድ ልጅ ነበረች፤ ይህን አልክድባትም።

ከዚያ ጎረቤቴ ቤት ገባን። ከመጋረጃው ጀርባ ሳል ይሰማል፤ እየታፈነ፣ ትራስ ውስጥ እየተቀበረ። ጎረቤቴ ነጠላዋን አስተካክላ ፊት ለፊታችን ተቀመጠች።

«ኑሮ እንዴት ነው፣ እማማ?» አለች ጠያቂዋ።

«ጌታ ይመስገን።»

«የታመመ ሰው አለ?»

«ልጄን ትንሽ ብርድ መቷት ነው። አሁን ደህና ናት፣ ይመስገን።»

«የጎደለባችሁ ነገር አለ?»

«ምን ይጎድልብናል? ጌታ አለ።»

የጎረቤቴን ጉልበት በጉልበቴ ነካሁት። እግሯን ሰበሰበች። ጠያቂዋም አመስግና ተነሣች፤ ጎረቤቴ እስከ በር ሸኘቻት፣ መርቃም ላከቻት።

ይህን አነጋገር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። እኛ ዘንድ፣ ጴንጤም ይሁን ኦርቶዶክስ፣ ሰው እንዴት ነህ ሲባል አስቀድሞ ያመሰግናል። ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ ቢሆን መጀመሪያ ተመስገን ይላል፣ ከዚያ ውሃ አምጡ ይላል። ለማያውቁት እንግዳ ብሶትን ማራገፍ ፈጣሪን በባዳ ፊት መክሰስ ነው። ተመስገን ማለት ደህና ነኝ ማለት አይደለም። አንዳንዴ ተመስገን ማለት ተይኝ፣ ካሁን በኋላ ብናገር አለቅሳለሁ ማለት ነው። የሚያውቅ ሰው ከተመስገን በኋላ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ሌላ ወሬ ያወራል፣ ደግሞም ይመጣል፤ በሦስተኛው መምጣቱ ነገሩ ይወጣል። ጠያቂዋ ግን በዚያ ቀን የምትገባባቸው ብዙ ቤቶች ነበሯት።

ከበር እንደወጣን ክንዷን ያዝኩ። ቤቱ ውስጥ የሚበላ የለም፣ ልጇ ጎኗ ቆስሏል፣ ሌሊት የምታቃስተው እኔ ቤት ድረስ ይሰማል አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «እናቴም እንዲሁ ናት። ጥርሷን እያመማት ተመስገን ነው የምትለው።»

«ታዲያ ያወቅሽውን ያዢልኛ።»

ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሣች። «እማማ፣ ማንም ስለማንም አይናገር ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ክንዷን ለቀቅኩ። ለአለቃዋ እነግረዋለሁ፣ ጥያቄው ራሱ መለወጥ አለበት አለችኝ። ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ሆኖ እስኪለወጥ ግን በእጇ ያለው የተባለው ብቻ ነው። የሳጥኑ ቋንቋ «አለ» እና «የለም» ነው፤ ተመስገን የሚገባበት ቀዳዳ አልተሠራለትም።

ማታውኑ ከጎረቤቴ ጋር በአጥሩ ላይ ተጣላን። ሄደሽ እውነቱን ተናገሪ አልኳት። አከራዩ ቢሰማ ነገ መንገድ ላይ ነን አለች። ስሙን አትጥሪ፣ አልጋ ይዛለች ብቻ በይ አልኳት። ፊቷን ወደ ቤቷ አዞረች።

«ለሳጥን ብዬ ልጄን አላማም» አለችኝ።

ክረምቱ ሲገባ ነርሷ ሥራ ጀመረች። ነጭ ገዋን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ በጭቃው ስትመጣ ከደጄ አያታለሁ። የጎረቤቴን በር አልፋ ትሄዳለች። የምትገባው ወዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ የኮሚቴው ሰውዬ እህት ቤት ነው። ሴትዮዋ ጠያቂዋ ስትመጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጠብቃታለች፤ ደረቷን እየደቃች ወገቤን፣ ኩላሊቴን፣ ከአልጋ መነሣት ካቆምኩ ቆየሁ ብላለች፣ በራሷ አፍ። ማንም ስለሷ አልተናገረም። ሕጌ አንድም ቦታ አልተጣሰም። ዘይቱም ዱሮ ወደሚሄድበት መደርደሪያ ሄደ።

በሐምሌ የጎረቤቴ ልጅ ነገር ከፋ። ጠዋትና ማታ ከጎረቤቴ ጋር ሆነን እናገላብጣታለን። በክንዴ ሳነሣት ክብደት የላትም፤ እርጥብ ነጠላ እንኳ ከዚያ ይከብዳል። ትጮኻለች ብዬ ስፈራ ከንፈሯን ነክሳ ትይዘዋለች፤ እሷም የእናቷ ልጅ ናት። አንድ ቀን እናቷ ውሃ ልትቀዳ በወጣች ጊዜ እጄን ያዘችኝ።

«እትዬ፣ ያቺ ነርስ በዚህ ስታልፍ እሰማታለሁ» አለችኝ። «ያማል በያት። እማዬ አትስማ። ብቻ ያማል በያት።»

ነርሷን መንገድ ላይ ጠበቅኋት። ከሳጥኑ ከወጣው ስም ውጭ መድኃኒት ብትሰጥ ከሥራዋ ትባረራለች። እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። ከዚያ ቀበሌ ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ጸሐፊዋ በሠራችለት ዳንቴል ተሸፍኖ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ መብራት ጠፍቶ ነበርና ዘመድ የሌለው ሳጥን ተኝቷል። ጠያቂዋን ፈለግኋት፤ ለቡ አካባቢ ለሌላ ሥራ ተልካለች አሉኝ። አለቃው ግን ነበር። ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

የጎረቤቴ ልጅ በራሷ አፍ የተናገረችውን ነገርኩት። ቃሏ የሷ ነው፣ እኔ ተሸክሜው ነው የመጣሁት አልኩት። ሰምቶ ሲያበቃ መነጽሩን አወለቀ። እንደሚያምነኝ ነገረኝ። የመጀመሪያው ዙር ተዘግቷል፤ ጥያቄዎቹ እየተሻሻሉ ስለሆነ ሁለተኛው ዙር ከመስከረም በኋላ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ እሷ ትሆናለች አለኝ።

«ልጄ፣ ሕመም ዙር ያውቃል ወይ?» አልኩት።

መነጽሩን መልሶ አደረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ለእርስዎ በሩን ብከፍት ማን እንደሚገባ ያውቃሉ» አለኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። የኮሚቴው ሰውዬ በረንዳው ላይ ጃንጥላውን እያራገፈ ቆሟል፤ ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣኝ። ስለ ሌላው ሰው ሊናገር የመጣ ሰው ነው፤ አፉ ላይ ያለው ስም የዘመዱ እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። እኔ አፍ ካገኘሁ እሱም ያገኛል። የእኔ አፍ እውነት መሆኑን፣ የሱ ሐሰት መሆኑን ሳጥኑ በምን ያውቃል? ሕጉ ትክክል ነበር። ዛሬም ትክክል ነበር እላለሁ። በትክክለኛው ሕግ ሥር አንዲት ልጅ መጋረጃ ጀርባ ከንፈሯን ነክሳ ተኝታለች። ያንን መንገድ በዝናብ ስመለስ ልረግመው የምችል ሰው ፈለግሁ፤ አንድም አላገኘሁም። የሚረገም ሰው ሲጠፋ እንደሚከፋ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ቤት ስደርስ ልጅቷ ዓይኗን ከፈተች። ነገርሻት አለችኝ። ነገርኳት አልኩ። ትመጣለች አለችኝ። ትመጣለች አልኩ።

ፍልሰታ እንደገባ ሞተች። የእነሱ ሰዎች መጥተው ዘመሩ፣ የእኛ ሰዎች ከአጥሩ ወዲህ አለቀሱ፣ እድሩ ድንኳን ተከለ። ምን ነካት ብለው ጠየቁ። እናቷ ብርድ አለች። አንገታቸውን ደፉ።

ሁለተኛው ዙር እንደተባለው ከመስከረም በኋላ መጣ። ጠያቂዋ ተመልሳ ስለነበር አዲሱን ሥራ በእኛ ላይ ልትሞክር ቀበሌ ጠራችን። ጎረቤቴ ትቀራለች ብዬ ነበር፤ ጥቁሯን ለብሳ መጣች። ለምን መጣሽ ብላት፣ «እንግዳ ጠርታ እንዴት ይቀራል?» አለችኝ። ጠያቂዋ መርዶውን አልሰማችም። ልነግራት እጇን ስይዝ ደስታዋ ቀደመኝ፤ እማማ፣ ጥያቄው ተለወጠ፣ ያሉኝን ሁሉ ነግሬያቸው ነው፣ እንዴት ናችሁ የሚለው ወጥቷል አለችኝ። የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ የአማርኛ ፊደል ቁልጭ ብሎ በራ። ጎረቤቴን ከፊቱ አስቀመጠቻትና አነበበችላት።

«ቤትዎ ውስጥ፣ ሰው ሳይደግፈው ከአልጋ መነሣት የማይችል አለ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ነበር የሚያስፈልገን። ተመስገን የማይደፍነው፣ የበሽታ ስም የማያስጠራ፣ ማንንም የማያሳማ። ሰኔ ላይ ቢጠየቅ ኖሮ ጎረቤቴ መዋሸት አትችልም ነበር፤ ሃይማኖቷ አይፈቅድላትም። አለ ትል ነበር።

ጎረቤቴ መስታወቱን አየችው። ከዚያ ወደ ጠያቂዋ ዞረች፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«የለም» አለች። «ጌታ ይመስገን።»

ጠያቂዋ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቴ ላይ ያለውን አነበበችው፤ ጥቁሩንም ያኔ ነው ያየችው። ጣቷ በቁልፉ ላይ ቀረ። ከዚያ የተባለችውን ጫነች፣ ሳጥኑም ተቀበለ።

ከኋላችን የኮሚቴው ሰውዬ እህት ጉሮሮዋን ጠረገች። ተራዋ ነበር፤ ጎረቤቴም ወንበሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ለቀቀችላት።