እግር የሚፈርድበት ሸክላ ቤት

የልጅ ልጄ ሶስና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አንድ የድሮ ዘፈን ከፈተች። ዘፈኑ ሳይጀምር ሌላ ድምፅ ቀደመ፤ የጋለ ዘይት ላይ የውሃ ጠብታ ሲያርፍ የሚሰማ ዓይነት፣ ጠሽ ጠሽ የሚል። ምስር እየለቀምኩ ነበርና እጄ ሰፌዱ ላይ ቀረ። ሶስና ፊቴን አይታ፣ "ይቅርታ እቴቴ፣ ቅጂው ጥራት የለውም፤ ሌላ ልፈልግ" አለች። እንዳትነካው ነገርኳት። የሸክላ ማጫወቻ መርፌ ድምፅ ነው። አንድ ደግ ሰው የድሮውን ሸክላ ከነጭረቱ ስልክ ውስጥ ከቶታል፤ እግዜር ይስጠው።

ከድምፁ ጋር ሽታው መጣ። ማጫወቻው ሲግል የሚሸተው አቧራ፣ የአዲስ ሸክላ ሽፋን ወረቀት፣ ከጎረቤት ኬክ ቤት የሚመጣው የቅቤና የስኳር ሽታ፣ በክረምት ደግሞ የረጠበ ካፖርት። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ የሚሸቱበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ከፒያሳ ወደ ዶሮ ማነቂያ ሲወረድ የነበረው የጋሽ ሰይድ ሸክላ ቤት።

ሶስና የስልሳዎቹን አሥር ምርጥ ዘፈኖች በደረጃ አስቀምጣ ለጓደኞቿ ልትልክ ነው። አንቺ የኖርሽበት ዘመን ስለሆነ ደረጃውን አንቺ አውጪልኝ ብላ መጣች። ቀላል ሥራ መስሏታል። የወደድሽውን አንደኛ ታደርጊያለሽ፣ ከዚያ ቀጥሎ የወደድሽውን ሁለተኛ፤ አለቀ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ደረጃ ማውጣት ግን ተምሬአለሁ፣ ያውም ከሚችል ሰው። መጀመሪያ ሰውየውን ልንገርሽ፣ ደረጃው አያመልጥሽም አልኳት።

ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ ኮት የማይለያቸው፣ መፋቂያ ከአፋቸው የማይጠፋ። ቤታቸው ከመጥበቡ የተነሳ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ ቆሞ ነው ሸክላ የሚመርጠው። ከባንኮኒው ጀርባ ሸክላዎቹ እንደ መጽሐፍ በጎናቸው ተደርድረዋል። ከበሩ በላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ሲከፈት ዘፈኑ ቁልቁል እየተንከባለለ ታች ድረስ ይወርዳል፤ የሰይቼንቶ ታክሲ ነጂዎች መሪያቸውን በጣታቸው እየመቱ ሰው ይጠብቁበታል።

ዘመኑ የዘፈን ዘመን ነበር። አዲስ ሸክላ በወጣ ቁጥር አዲስ ክርክር ይወጣል። አራዳ ደግሞ ያለ ክርክር ውሎ አያድርም። ጸጉር ቤቱ አንዱን ዘፋኝ ሲያነግሥ፣ ማዶ ያለው ቡና ቤት ሌላውን ያነግሣል። ከሥራ ሲወጡ ተቃቅፈው የሚሄዱ ጓደኛሞች በዘፈን ምክንያት ሳምንት ሲኮራረፉ አይቻለሁ። ይህን ሁሉ ነገር ጋሽ ሰይድ በጳጉሜ ይዘጉታል።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የዓመቱን ምርጥ ምርጥ ሸክላዎች ይለያሉ። ለአምስቱ የጳጉሜ ቀናት ለየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያከፋፍሏቸዋል። ከዚያ ሸክላውን ማጫወቻው ላይ አድርገው፣ የእንጨት ወንበራቸውን አንስተው በሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጀርባቸው ወደ ሱቁ፣ ፊታቸው ወደ መንገዱ። ሱቅ ውስጥ ያለውን ደንበኛ ዘወር ብለው አያዩትም። ሸክላ ሊገዛ የመጣ ሰው የዘፋኙን ስም ገዝቶ ነው የመጣው፣ ከእሱ ፍርድ አይገኝም ይሉ ነበር። የሚያዩት አላፊ አግዳሚውን ነው። ያውም ፊቱን አይደለም፤ ከጉልበቱ በታች።

"ፊት ያስመስላል፤ እግር አይዋሽም" የሚሉት ነገር ነበራቸው።

እውነትም አይዋሽም። ዘፈኑ ያዝ ሲያደርገው ጆንያ የተሸከመው ሰው እርምጃው ይለዝባል። የሊስትሮው ብሩሽ ሳያውቀው ከበሮውን ይከተላል። ዘንቢል ያንጠለጠለችው ሴትዮ መንገድ ልትሻገር አንድ እግሯን አውርዳ ሁለተኛውን ትረሳዋለች። በጳጉሜ አምስት፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ጋሽ ሰይድ ያሸነፉትን ሸክላዎች ሽፋን በልብስ መቆንጠጫ እየቆነጠጡ መስታወቱ ውስጥ ያለው ሽቦ ላይ ከላይ ወደ ታች ይሰቅላሉ። የተሰቀለ ተሰቀለ። ቡና ቤቱም ጸጉር ቤቱም አሜን ይላሉ።

ሰው ብልጥ ነውና ሊያታልላቸው የሚሞክር አልጠፋም። አንድ ዓመት የአንድ ዘፋኝ ጓደኞች፣ ሱሪያቸው ታች መንገድ የሚጠርግ ጎረምሶች፣ የጓደኛቸው ዘፈን ሲከፈት መጥተው ከድምፅ ማጉያው ሥር ተደርድረው ቆሙ። ጋሽ ሰይድ መፋቂያቸውን እንኳ ሳያወጡ፣ "ታክሲ ከሆነ የምትጠብቁት ማቆሚያው ወዲያ ነው" አሏቸው። የእውነት የቆመ ሰው ያፍራል ይሉ ነበር። መቆሙን ሲያውቅ ሰዓቱን የሚያይ መስሎ ነው የሚሄደው።

ታዲያ ያን ዓመት ተራ ከተሰጣቸው ሸክላዎች አንዷ የአክስቴ የስንዱ ነበረች። ስንዱ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ጸጉሬን የምትሠራኝ፣ ስትሠራኝ የምታንጎራጉር እሷ ነበረች። ማታ ማታ ከአንድ ባንድ ጋር መዝፈን ስትጀምር አባባ፣ ከዚህ ቤት አዝማሪ አይወጣም ብሎ በሩን ዘጋባት። እሷም ሥላሴ አካባቢ ቤት ተከራይታ ገባች። ከዚያ ወዲህ ስሟ ቤታችን ውስጥ አይነሳም፤ እናቴ እንኳ ስትጠራት ድምፅዋን ቀንሳ ነው። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። በእንቁጣጣሽ አክስቴ እንደ ድሮው ገበታችን ላይ እንድትቀመጥ። ሽቦው ላይ ከላይ ከተሰቀለች አባባ ምን ይላል? ፒያሳ ያከበራትን እሱ ሊያፍርባት ነው? በልጅነት አእምሮዬ ነገሩን ጨርሼው ነበር።

የአክስቴ ተራ ጳጉሜ ሦስት ቀን ወደቀ። ያ ቀን ሩፋኤል ነው። ጋሽ ሰይድ እስላም ናቸውና ቀኑን ሲያከፋፍሉ ልብ አላሉትም። ገና ሸክላዋ መዞር ስትጀምር ሰማዩ ተከፈተ። ትልልቁ ሰው እየሮጠ ታዛ ሥር ገባ። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ ልብሳቸውን እየጣሉ ወደ ዝናቡ ወጡ፤ ሩፋኤል እንዲያሳድጋቸው እየለመኑ ጭቃው ላይ ይዘላሉ። የአክስቴ ድምፅ ከውሃው ድምፅ ጋር ሲታገል ቆይቶ አለቀ። ከእሷ ቀጥሎ የተከፈተው የአንድ ስሙ ያልታወቀ ወጣት ዘፈንም እንዲሁ።

ዝናቡ ሲያባራ ጋሽ ሰይድ ሁለቱን ሸክላዎች ወደ ሽፋናቸው መለሱ። "አልቆመላቸውም" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ።

እኔ የሱቁ በር ላይ ካለው የድንጋይ ደረጃ ተቀምጬ ነበር። ተነሣሁ። "ጋሼ፣ ዛሬ የፈረደው ዝናቡ ነው እንጂ እግር አይደለም" አልኳቸው።

"ተራቸው ዛሬ ነበር። ተራው ያለፈ አይደገምም።"

"ትልቁ ሰው ዝናብ ፈርቶ ሮጠ፣ ትንሹ ለሩፋኤል ዘለለ። ለዘፈኑ የተረፈው የማን እግር ነው?"

ጎረቤታቸው ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ብቅ ብሎ፣ "ሰይድ፣ ጠበቃ መጣብህ" አላቸው። ጋሽ ሰይድ አልሳቁም። መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ፤ ይህን ሲያደርጉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

"የማን ልጅ፣ የማን ዘመድ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ለአክስትሽ ብቻ ብደግም ውለታ ነው። ዝናብ ለመታው ሁሉ ብደግም ፍርድ ነው። ነገ ሁለቱንም እደግማለሁ።"

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ደረቀ፤ በግ የሚጎትተውም፣ ቄጤማ የተሸከመውም ወጣ። እኔ ከወንበራቸው አጠገብ ነበርኩ። አክስቴ መዝፈን ስትጀምር ከአራት ኪሎ አቅጣጫ ጥቁር ጃንጥላውን እንደ ከዘራ የተመረኮዘ ሰው መጣ። አባባ ነው። ከመሥሪያ ቤት ሲመለስ ሁልጊዜ በዚያ ነው የሚያልፈው። በሩ ጀርባ ተሸጎጥኩ።

አባባ መንገድ ላይ አይቆምም። ሰላምታ እንኳ እየሄደ ነው የሚመልሰው። በስንጥቁ የማየው ጫማውን ብቻ ነበር። የአክስቴ ድምፅ ወደ ላይ ሲወጣ ቀኝ እግሩ ተነሥቶ ዘገየ። ከዚያ አረፈ። ሌላው አልተከተለውም። የጃንጥላው ጫፍ ድንጋዩን ቀስ እያለ ይነካ ጀመር። ዘፈኑ እስኪያልቅ እዚያው ነበር። ሰዓቱን የሚያይም አልመሰለም። ወደ ወንበሩ ቀርቦ፣ "ይቺ ማን ናት ጋሽ ሰይድ?" አላቸው።

የማን ወንድም እንደሆነ ያውቃሉ። ግን ሥርዓት አላቸው። "ነገ ሲሰቀል ይነበባል፤ ብቅ ይበሉ አቶ በላቸው" አሉት።

እሱ እንደሄደ ወጣሁ። አንደኛ ናት አይደል ብዬ ኮታቸውን ያዝኩ። ኮታቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁኝና፣ "አባትሽ ያለው ሁለት እግር ነው። የፒያሳ እግር ብዙ ነው" አሉኝ።

ጳጉሜ አምስት ሲመሽ መስታወቱ ፊት ሰው ተሰበሰበ። ከላይ የተሰቀለው ያ ስሙ ያልታወቀ ወጣት ነበር። እኔ ባልከራከርለት ዝናቡ ቀብሮት የሚቀር። ሁለተኛ ሁሉም የሚያውቀው ሰው ሆነ። አክስቴ ስንዱ ሦስተኛ፤ ጸጉሯን አጭር ተቆርጣ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ከሽፋኑ ላይ ታየናለች። እንባዬ መጣ፤ ግን አልተጸጸትኩም። ዝናቡ ልጁንም መትቶታል። እሱን ትቶ የእሷን መድገም ልክ አልነበረም፤ ዛሬም ልክ አይደለም።

አባባ መጣ። ከላይ ጀምሮ አነበበ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ። ከጎኑ ከቆሙት ሰዎች እህቱ እንደሆነች ያወቁም ነበሩ።

"ሦስተኛ ናት?" አለ።

"ሦስተኛ ናት" አሉት ጋሽ ሰይድ።

"ለምን አንደኛ አልሆነችም?"

"የሚበልጧት ሁለት ስላሉ።"

ስሟን ከቤት ያስወጣው ሰው አሁን ስለ ደረጃዋ ሲሟገት ተገኘ። ሸክላዋን ገዝቶ በጋዜጣ አስጠቅልሎ ይዞ ገባ። ቤታችን ማጫወቻ አልነበረም። እናቴ ምንም ሳትጠይቅ ቡፌው ላይ ብርጭቆዎቹን ገፋ አድርጋ አቆመችው። አባባ ከእኔ ፊቱን እንዳዞረ፣ "ነገ በጠዋት አክስትሽን ጥሪያት" አለ።

ስንዱ መጣች። አበባ ይዛ፣ በር ላይ ትንሽ ቆማ። ገበታው ላይ እንደ ድሮው ቦታዋ ተቀመጠች። ወደ መጨረሻው አባባ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ሁለተኛው እንኳ አይበልጥሽም" አላት። እሷም እጇን እየታጠበች፣ "ሰይድ በልጧል ካለ በልጧል" አለችው። ሁለቱም ሳቁ። ከዓመታት በኋላ፣ እኔ ካገባሁ ወዲህ፣ አባባ ነገሩን አንሥቶ አጫወተኝ። ጋሽ ሰይድ አንደኛ ብለዋት ቢሆን ኖሮ ሊያስታርቁኝ ያደረጉት ነው ብዬ ጥዬ እሄድ ነበር አለ። ሦስተኛ ስትባል ግን አመነ።

አክስቴ ከዚያ በኋላም ብዙ ዘፈነች፤ ከላይ ግን አንድም ቀን አልተሰቀለችም፣ ቅርም አላላትም። ጋሽ ሰይድ ሸክላ ቀርቶ ካሴት ሲመጣ ካሴቱን በዚያው ሽቦ ሰቀሉት። እሳቸው ሲያርፉ ዘመዶቻቸው ሱቁን ለሌላ አስረከቡ፤ በቅርቡ ደግሞ መንገዱ ሲሰፋ ቤቱም ፈረሰ። አሁን ቦታው ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ። እግር የሚያልፍበት መሆኑ አያስከፋኝም።

ይህን ሁሉ ስነግራት ሶስና ስልኳ ላይ ስትጽፍ ቆይታ ነበር። አዙራ አሳየችኝ። አንደኛ፦ ስንዱ። በጠዋት ከነመርፌው ድምፅ የከፈተችው ዘፈን የእሷው ነበር።

"አጥፊው" አልኳት።

"እቴቴ፣ የራስሽ አክስት እኮ ናት።"

"ለዚያ ነው። የአንድ ዓመት ሦስተኛ የአሥር ዓመት አንደኛ አትሆንም።"

ታዲያ ደረጃውን በምን ልናወጣ ነው ብላ ተነጫነጨች። ያችን ትንሽ ድምፅ ማጉያዋን አምጥታ መስኮቱ ላይ እንድታደርጋት አዘዝኳት። ቤታችን ከመንገዱ አንድ ፎቅ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ ከአምስት ኪሎ የሚወርደው ሁሉ በመስኮታችን ሥር ያልፋል። "የዛሬ ሰው ጆሮውን ወትፎ ነው የሚሄደው፣ ማን ይሰማሻል" አለችኝ። ያልወተፈ አይጠፋም አልኳት።

አሥሩንም ተራ ሰጠናቸው። ከመጀመራችን በፊት ሰማዩን አየሁ፤ ደመና የለም። ሶስና የመጀመሪያውን ከፈተችው፤ መርፌው ጠሽ አለ። ሰፌዱን አስቀምጬ ወንበሬን ወደ መንገዱ አዞርኩና ቁልቁል እግሮቹን ማየት ጀመርኩ።