ግጥም የሌለው ካሴት

በደርግ ጊዜ ነው። እኔና ጓደኛዬ ተሾመ ጉለሌ በተከራየናት ክፍል አዲስ ካሴት እንቀዳለን፤ እሱ ኦርጋን፣ እኔ ኤሌክትሪክ ጊታር። ዘፋኝ የለንም። ድምፁን እያጣመምን፣ እያስጮህን አዲስ ነገር እንሞክራለን። አንድ ከሰዓት የቀበሌው ሊቀመንበር ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት ጠባቂዎች አስከትለው ገቡ።

"በሬዲዮ የምትገናኙት ከማን ጋር ነው?"

"ኧረ ጓድ ሊቀመንበር፣ ሙዚቃ ነው!" አለ ተሾመ።

"ግጥሙስ?"

"የለውም።"

"ለምን ደበቃችሁት?"

ካሴቱን ከፈትንላቸው። እሳቸው ፊታቸው ሳይፈታ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ካሴቱን ኪሳቸው ከተው፣ "ከሰፈር እንዳትወጡ!" ብለውን ሄዱ።

እህል ሳይወርድልን ሰነበትን። እሁድ ጠዋት የቀበሌው ድምፅ ማጉያ በእኛው ሙዚቃ ሰፈሩን አናወጠው። ወዲያው የሊቀመንበሩ ድምፅ ተከተለ፦

"ጓዶች! ከዛሬ ጀምሮ ይህ ጩኸት ሲሰማ ስብሰባ አለ ማለት ነው። የቀረ ይጠየቃል!"