ካንዴላ የሌለው ሞተር

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው በምሠራበት ወፍጮ ቤት፣ ጆንያ ላይ የባለእህሎቹን ስም ብቻ ነው። ሰው ፊት ማውራትም ይከብደኛል። ባለፈው ዓመት መስከረም ያጋጠመኝ ነገር ግን ሥራ ውዬ እግሬን ሲደክመኝ ሁልጊዜ ትዝ ስለሚለኝ ልሞክረው ብዬ ነው።

የምኖረው ከአሶሳ ወጣ ብለው ካሉት የሰፋሪዎች አምባዎች በአንዱ ነው። ወላጆቼ ከወሎ የመጡ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ከገበያ ስመለስ ሞተር ገጭቶኝ ቀኝ እግሬ ከጉልበቴ በታች ተሰበረ። ሆስፒታል ብረት አስገቡልኝ። ከጊዜ በኋላ ብረቱ መውጣት ነበረበት፤ የአጥንት ሐኪሙ ግን ከሌላ ቦታ በተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያው ቀጠሮዬ ዝናቡ መንገዳችንን ስላበላሸው አለፈኝ። ነርሷ ሁለተኛውን ካርድ ስትሰጠኝ፣ ይህም ካለፈሽ ከመዝገቡ መጨረሻ ነው የምትገቢው፣ መቼ እንደሚደርስሽ እኔም አላውቅም አለችኝ።

ካርዱ ማክሰኞ ከስድስት ሰዓት በፊት ይላል። የብረቱ አንድ ጫፍ ቆዳዬን መግፋት ጀምሮ ነበር። ወፍጮ ቤት ደግሞ ቆሞ ነው የሚሠራው። ባለቤቱ ምንም ባይሉኝም በእኔ ቦታ ሌላ ሰው እየጠየቁ እንደሆነ ሰምቻለሁ።

ማክሰኞ አባቴ ማሽላ አረም ላይ ስለነበር ብቻዬን ሄድኩ። አንድ አይሱዙ ጋቢናው ውስጥ አስገብቶኝ አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ አሶሳ መናኸሪያ አደረሰኝ። ሌላ ጊዜ እግሬ መሬት ሳይነካ ሞተረኞች ወዴት ነው እያሉ ይከቡኛል፣ ዘንቢሌን ይሻሙብኛል። ያን ቀን ማንም አልጠራኝም። ሞተሮቹ አጥሩን ይዘው ተደርድረዋል፣ ባለቤቶቹ ጥላ ስር ቁጭ ብለዋል። ባጃጆቹም ቆመዋል።

ነገሩ የመድን ክፍያ ነው። ሞተር ሰው ቢገጭ ለተገጨው ሰው ማሳከሚያ የሚሆን ሶስተኛ ወገን የሚሉት ክፍያ በየዓመቱ ይከፈላል፤ የከፈለ ሰው ሞተሩ ፊት ለፊት፣ መብራቱ አጠገብ የሚለጥፈው ወረቀት ይሰጠዋል። ያ ክፍያ በአንዴ ብዙ ጨመረ ተብሎ ነው ሥራ ያቆሙት።

ቀረብ ብዬ ሆስፒታል የሚያደርሰኝ እንዳለ ጠየቅኩ። ድምፄ ትንሽ ስለሆነ ሁለት ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ፈይሳ የሚባል ቢጫ ኮፍያ ያደረገ የባምባሲ ልጅ፣ “እህቴ፣ ዛሬ ሞተሩም እኛም እረፍት ላይ ነን” አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። በክፋት አልነበረም። ከዘራዬን ይዤ መራመድ ጀመርኩ፤ ብዙም ሳልሄድ እግሬ እምቢ ስላለኝ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

እዚያ ሳለሁ አንድ ሞተረኛ ተከትሎኝ መጣ። ስሙ አትየብ ነው፣ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ። አማርኛው ሴቱንም ወንዱንም፣ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ይላል፤ እኛ አካባቢ ለምደነዋል፣ ማንም አይቀየምም። ምን ሆነህ ነው አለኝ። መናገር ሲያቅተኝ ካርዱን ሰጠሁት። አገላብጦ አየው፣ ሰዓቱን ጠየቀኝ፣ ከዚያ አብረን ተመለስን።

ለካ ሞተረኞቹ ማንም ተደብቆ እንዳይሠራ ጠዋት ካንዴላቸውን ፈትተው ሰብስበው ኖሯል። ካንዴላ ለሞተሩ እሳት የምትሰጠው ትንሽ ዕቃ ናት፤ እሷ ከሌለች አይነሳም። እያንዳንዷ በወረቀት ተጠቅልላ ስም ተጽፎባት አንድ ፌስታል ውስጥ ገብታለች። ፌስታሉን የያዙት ከሁሉም የሚበልጡት ጋሽ ይማም ናቸው፤ እንደ ወላጆቼ ከወሎ የመጡ ሰፋሪ።

አትየብ የእኔን ብቻ ስጠኝ፣ እሷን አድርሼ መልሼ እሰጥሃለሁ አላቸው። ጋሽ ይማም ፌስታሉን ጉያቸው አስገቡት።

“ለአንተ ከሰጠሁ ባዶ ፌስታል ይዤ ነው የምቀረው” አሉ። “በሽተኛ የሌለበት ማን አለ?”

እኔን ላለማየት ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። እውነታቸውን ነበር። ይቅር፣ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ ልል ፈለግኩ፤ አልወጣልኝም። አትየብ ሞተሩን ከሰልፉ አወጣው።

“ሞተር አይነሳም አልን” አላቸው። “ጎማ አይዞርም አላልንም።”

ወደ እኔ ዞሮ ሞተሩ ላይ ውጣ አለኝ። ጎኔን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። መሪውን ይዞ ሊገፋ ሲል ጋሽ ይማም ጠሩን። ካንዴላውን ሊሰጡ መስሎኝ ነበር። ፀሐዩ ይመታሻል ብለው ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሰጡኝና ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

እንዲያ ሆኜ በአሶሳ መሀል አለፍኩ። ዓይነ አፋር ለሆነ ሰው ከዚህ የባሰ ነገር ያለ አይመስለኝም። ድምፅ የሌለው ሞተር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ተቀምጫለሁ፣ አንድ ሰው ላብ እያጠመቀው ይገፋኛል። ዳገቱ ሲጀምር ፈይሳ ከኋላ ደርሶ መግፋት ጀመረ። ነዳጅህ አለቀ ወይ ሲለው አትየብ ጠዋት ገንፎ ሞልቻለሁ አለው። መንገድ ዳር ለውዝ የምትሸጥ ሴትዮ ደግሞ፣ “ሙሽራዋ የማን ናት? ምነው ሚዜዎቹ ደከሙ?” አለች። ጃንጥላውን ዝቅ አድርጌ ፊቴን ሸፈንኩ።

አደባባዩ ጋ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። እኔን አየ፣ ሞተሩን ፊት ለፊቱን ጎንበስ ብሎ አየ። አትየብ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ፖሊሱ ካልተነሳ እኔ ምን አገባኝ ብሎ በእጁ እለፉ አለን። አትየብ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ፈጥኖ ገፋ።

ዳገቱ መሀል ላይ አንድ የማንጎ ዛፍ ስር አረፍን። ሁለቱም ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። ያልደከመኝ እኔ ብቻ በመሆኔ አፈርኩ። ፈይሳ ስለ ክፍያው አወራ። እኛ ምን አጠፋን፣ ሰው የሚገጩት ሌሎች፣ የምንከፍለው እኛ እያለ ተማረረ። ከዚያ እግሬን እያየ ወድቀሽ ነው ወይ አለኝ። ከመናኸሪያ ጀምሮ የፈራሁት ጥያቄ ነበር። ውሸት ልናገር አሰብኩ።

“ሞተር ነው” አልኩ።

ቆይቶ ፈይሳ፣ ሶስተኛ ወገን ነበረው ወይ አለኝ። ጊዜው አልፎበት ነበር አልኩት። ልጁ ራሱ ሆስፒታል እንዳደረሰኝ፣ ሁለት ቀን በር ላይ እየዋለ ከዚያ እንደጠፋ ነገርኩት። እንዲህ ላለው የሚከፍል መሥሪያ ቤት አለ ተብለን አባቴ ወረቀት ይዞ ብዙ ተመላልሷል፤ ሲሰለቸው ትቶ አንዱን በሬ ሸጠ። ዛሬም የሚያርሰው ከጎረቤት በሬ ጋር አጣምሮ ነው። ይህን ሁሉ እንዴት እንደተናገርኩ አላውቅም። ተናግሬ ስጨርስ እየረገምኳቸው እንዳይመስላቸው ፈራሁ።

አትየብ ላቡን በእጅጌው ጠረገ። “የእኔም አልፏል” አለ። “ሦስት ወር ሆነው።”

ለእኔ የተናገረ አይመስልም ነበር። ተነስተው መግፋት ጀመሩ። ከዚያ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ የቀለደ የለም፤ የጎማው ድምፅና ትንፋሻቸው ብቻ ነበር የሚሰማኝ። የተቀመጥኩበት ሞተር ልክ እግሬን እንደሰበረው ሞተር ነው። የሚገፋኝም ሰው ልክ እንደዚያ ልጅ ነው። ልወርድ ይገባኝ ነበር ወይ ብዬ ዛሬም እጠይቃለሁ። ግን ስድስት ሰዓት እየደረሰ ነበር፤ አልወረድኩም።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደረስን። ሐኪሙ አልወጣም ነበር። ነርሷ ካርዴን ተቀብላ ስትጠራኝ በድንጋጤ ጃንጥላውን አትየብ እጅ ላይ ጥዬ ገባሁ። አመሰግናለሁ እንኳን አላልኩም። ብረቱ በማግስቱ ወጣልኝ።

እዚያ ተኝቼ ሳለሁ ሞተሮቹ ሥራ መጀመራቸውን በድምፃቸው አወቅኩ። አባቴ ሊያስወጣኝ ሲመጣ የሰማውን ነገረኝ። ክፍያው አልቀነሰም፤ ይታያል ብቻ ተብለዋል። ጋሽ ይማም ፌስታሉን ፈትተው ካንዴላ ሲያከፋፍሉ የአንዳንዱ ስም በግሪስ ጠፍቶ ሲጨቃጨቁ ዋሉ አለኝ። አባቴ እየሳቀ ነው ያወራው፤ እኔ አልሳቅኩም።

አባቴ ባጃጅ ሊፈልግ ሲሄድ እኔ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ነበር። አትየብን ያየሁት ያኔ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ይንቀጠቀጣል። መብራቱ አጠገብ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። ከየት አምጥቶ እንደከፈለ አልጠየቅኩትም። ደስ ያለው ሰው አይመስልም ነበር፤ የደከመው ሰው ይመስል ነበር።

ዛሬ ወፍጮ ቤት ቆሜ እሠራለሁ። እግሬ ሲመሽ ይደክማል እንጂ ይይዘኛል። ሞተረኞቹ ናቸው ልክ ወይስ ያስከፈሏቸው ብላችሁ ብትጠይቁኝ የማውቀው ያየሁትን ብቻ ነው። አባቴ በሬውን ሲሸጥ አይቻለሁ፤ አትየብም ያን ዳገት ሲገፋ አይቻለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ሳስብ ይደክመኛል። ሞተር ከኋላዬ ሲመጣ አሁንም ከመንገድ ወጥቼ ቦይ ውስጥ እቆማለሁ። ልሳፈር ስልም መጀመሪያ ፊት ለፊቱን ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ሞተረኞቹ ትራፊኳ መጣች እያሉ ይስቁብኛል፤ አፍራለሁ፣ ግን አልተውም። ከሆስፒታል በወጣሁበት ቀን አትየብ በሩ ላይ ላድርስህ ብሎኝ ሞተሩ ላይ ልወጣ ስል በእጁ ከልክሎኝ፣ አዲሱን ወረቀት በጣቱ እያሳየ እንዲህ ነበር ያለኝ፦

“መጀመሪያ እይ እህቴ። ከዚያ ውጣ።”