ትሰማኛለህ ወይ

ያቺን ዘፈን ስሠራ አባቴ እንዳይሰሙኝ ጊታሬን ቀስ እያልኩ ነበር የምነካካው። ሮቤ ካለው ቤታችን ጓሮ፣ አንዲት ጠባብ ሰርቪስ ቤት ውስጥ። አባቴ ጡረታ የወጡ የቢሮ ሠራተኛ ናቸው፤ ቅዳሴ ቀርተው አያውቁም። በልጅነቴ ሰንበት ትምህርት ቤት አስገብተው መዝሙር ያስጀመሩኝም እሳቸው ናቸው። እናቴ ካረፈች በኋላ ግን ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል እንጂ ልቤ አብሮኝ አልነበረም። ዘፈኗ የመጣችው ያን ጊዜ ነው፤

ስጠራህ ትሰማኛለህ ወይ፣
ወይስ ብቻዬን ነው የምጮኸው ወደ ሰማይ?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከበሮ ከሚመታልኝ ጓደኛዬ ጋር ስንለማመድ ሞቅ ብሎን በሩን መዝጋት ረሳን። ቀና ስል አባቴ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ጓደኛዬ ሙስሊም ነው፤ ነገሩ የእኔና የአባቴ መሆኑ ገብቶት እጁን ከከበሮው አንስቶ መሬት መሬት ያያል።

«ድገመው» አሉኝ።

ደገምኩት።

«አባባ፣ ተቀየሙኝ?»

«ምን ብዬ እቀየምሃለሁ? እናትህ ከሄደች ጀምሮ እኔስ እግዚአብሔርን ሌላ ምን ስለው ከረምኩ?» አሉና በርጩማ ስበው ተቀመጡ። «ዜማህ ግን ልክ አይደለም። ትሰማኛለህ ወይ ትልና ወዲያው ትሮጣለህ። ሰው ጠይቆ መልስ ይጠብቃል እንጂ እንዲህ ይቸኩላል?»

ሳቄ አመለጠኝ። ስፈራው የከረምኩት ፍርድ ይኸው ነበር! ከዚያ ወዲህ ከጥያቄው በኋላ ጊታሩም ከበሮውም ዝም ይላሉ፤ አባቴ በጣታቸው እስከ አራት ቆጥረው ሲያበቁ እንቀጥላለን።

ብዙም ሳይቆይ ጎባ፣ አንድ የወጣቶች አዳራሽ ውስጥ እንድንጫወት ተጠራን። አባቴና የጓደኛዬ እናት በሚኒባስ አብረውን መጡ። እናቱ ሮቤ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ፣ አፋቸው ላይ የመጣውን የማያስቀሩ ሴት ናቸው። ሁለቱም ፊት ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ያቺ ስንኝ ላይ ስንደርስ ዝም አልን። አንድ፣ ሁለት። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሦስት ላይ የጓደኛዬ እናት መልስ የምጠብቅ መስሏቸው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ይሰማሃል፣ ኢልማ ኮ!» አሉ። «ወላሂ ይሰማሃል፣ ልጄ! አንተ ጩኸቱን ብቻ ቀንስ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጓደኛዬ ከበሮው ላይ ተደፍቶ ይንፈቀፈቃል። አባቴ በጋቢያቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ፤ እንደዚያ ሲስቁ ካየኋቸው ስንት ጊዜ ሆነኝ! እኔም መቀጠል አቅቶኝ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እዚያው ቦታ ላይ ዝም ስንል አዳራሹ በሙሉ «ይሰማሃል!» ብሎ መለሰልኝ።

ያመንኩት መስሎኝ ነበር፣ ለዚያች ደቂቃ። በማግስቱ ጥርጣሬዬ ተመልሶ መጣ፤ ዛሬም ይመላለሳል። እሱን ግን አሁን መደበቅ ትቻለሁ።

ስንመለስ የጓደኛዬ እናት ሚኒባሱ ውስጥ መንዙማ ጀመሩ። ልጃቸው ከበሮውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀበላቸው። ቃሉ ሁሉ አልገባኝም፤ አዝማቹ ግን ቀላል ነበርና ሮቤ እስክንገባ አብሬያቸው አዜምኩ። አባቴ በመስኮቱ የስንዴውን ማሳ እያዩ ያጨበጭቡ ነበር።