የናስ አምባሩ ድምፅ

ፈንጂ መፈለጊያውን ያስተማረኝ ሃምሳ አለቃ የሚያስተምረው በጥፊ ነበር። አዲሱን መሣሪያ ከነሳጥኑ ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ይዞ መጣና ባሮ ዳር አሸዋው ላይ አቁሞ ዓይኔን በጨርቅ አሰረኝ። ሚስማር፣ የሰርዲን ቆርቆሮና የጥይት ቀለህ ቀብሮ «ይሄስ ምንድን ነው?» ይለኛል። ስሳሳት ማጅራቴን ያጮለዋል። «ጆሮህን ለባርኔጣ ማንጠልጠያ ነው የያዝከው?» እያለም ይሳለቅብኛል። በሦስት ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ላንቀው እንዳሰብኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ግን ተማርኩ። መሣሪያው ባዶ መሬት ላይ ሲሆን ጆሮ ውስጥ እንደ ትንኝ ጥዝ ይላል። ብረት ሲያገኝ ድምፁ ይቀጥንና ይጮኻል። ሚስማር ድንገት ጮኾ ወዲያው ዝም ይላል፤ ትልቅ ብረት ግን ከሩቅ ጀምሮ እየከረረ ይመጣል። ይህን ከለየሁ በኋላ ጥፊው ቀነሰልኝ።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት የቀሩት ነበር። ወደ ኢታንግ በሚወስደው መንገድ ዳር ጣሊያን ጥሎት የሄደ ምሽግ አለ። መንገዱ ይስፋ ተባለ፤ በምሽጉ ዙሪያ የተቀበረው ፈንጂ ግን ገና አላለቀም። እኛ ከመድረሳችን በፊት አንዲት ጊደር ፈንጂ ረግጣ አንጀቷ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ በዓይኔ አይቻለሁ።

የምንሠራው ሁለት ሆነን ነው። ባልደረባዬ የጋምቤላ ተወላጅ፣ አማርኛን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የለመደ አኝዋክ ነበር። እኔ ማዳመጫውን አጥልቄ መሣሪያውን መሬት ለመሬት አወዛውዛለሁ፤ እሱ አጠገቤ ተንበርክኮ ረጅሙን ሣር በእጁ ይገልጥልኛል። ከጮኸ ቀይ ጨርቅ አስረን እናልፋለን። ካልጮኸ «ንጹሕ» እላለሁ፤ እሱም የእንጨት ካስማ በመዶሻ ይተክላል። እጁ የሚተርፈው በእኔ ጆሮ ነበር፤ ሁለታችንም ይህን እናውቃለን።

ችግሩ አምባሩ ነው። ግራ እጁ ላይ አባቱ በልጅነቱ ያጠለቀለት የናስ አምባር ነበር። እጁ አብሮ ስላደገ አይወልቅም፤ እሱም እንዲወልቅ አይፈልግም። ሣሩን ሲገልጥ መሣሪያው ይጮኻል፤ እኔ ቀይ ጨርቅ አስራለሁ፤ ሃምሳ አለቃው ቆፍሮ ባዶ አፈር ያገኝና በሰው ፊት በጥፊ ይለኛል።

«አውልቀው» አልኩት።

«ይሄ የአባቴ ነው። አባቴ ሞተ። እኔ ስሞት ለልጄ ነው» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ከመኪናው ፒንሳ አምጥቼ እጁን ጠምዝዤ አምባሩን ልቆርጠው ታገልኩ። በሌላው እጁ አፌን አለኝ። የፊት ጥርሴን ከነደሙ አሸዋው ላይ ተፋሁት። እኔም በፒንሳው ቅንድቡን ተረተርኩት። የመኪናችን ሾፌር መሐል ገብቶ ባይገላግለን አንዳችን እዚያው እንቀር ነበር።

ከዚያ ወዲያ ተኮራረፍን። አራት ቀን ሙሉ ከእኔ አፍ የሚወጣው «ንጹሕ» ብቻ ነበር፤ ከእሱ ምንም። እኔም የአምባሩን ድምፅ ለየሁት፤ ቀጠን ያለ፣ ለስለስ ያለ ጩኸት ነው። እጁ ከመሣሪያው አጠገብ ሆኖ ያ ድምፅ ሲመጣ እንዳልሰማሁ አልፈዋለሁ። ጥፊው ቆመ። በጆሮዬ ኮራሁ።

በአምስተኛው ቀን እጀ ረጅም ካኪ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ ምን ነካው ብዬ በሆዴ ሳቅሁበት። ተንበርክኮ ሣሩን ገለጠ። ያ ቀጭን ድምፅ መጣ። ግራ እጁን አየሁ፤ በእጅጌው እንደተሸፈነ ከመሣሪያው ስንዝር አይርቅም።

«ንጹሕ» አልኩት።

ካስማውን በግራ እጁ ይዞ መታው።

ስነቃ በአፌ አፈር ሞልቷል፤ ጆሮዬ ምንም አይሰማም። እሱ በጀርባው ተጋድሞ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ግራ እጁ ከክርኑ በታች የለም። አጥንቱ ነጭ ሆኖ ወጥቷል፤ ደሙ ፊቴ ላይ ይረጫል። ቀበቶዬን ፈትቼ ክንዱን በጉልበቴ ተጭኜ አሰርኩት። ወደ መኪናው ስንጎትተው ከደረት ኪሱ አንድ ነገር ወደቀ። አነሣሁት። የናስ አምባሩ ነበር። ሳሙና ደርቆበታል፤ በውስጡም የተላጠ ቆዳ ተጣብቋል። ያን ጧት ለእኔ ብሎ አውልቆታል፤ ተኮራርፈን ስለነበር አልነገረኝም።

በሦስተኛው ቀን ሚሲዮኑ ክሊኒክ ሄድኩ። አንዱ ጆሮዬ ተከፍቶልኝ ነበር። ባልደረባዬ ፊቱ አብጦ አልጋው ላይ ተደግፏል።

«መሣሪያ ጮኸ ወይስ አልጮኸም?» ሲል ጠየቀኝ።

እውነቱን ብነግረውና በቀረችው እጁ ቢያንቀኝ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ፈራሁ።

«አልጮኸም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «እሺ። መሣሪያው ነው መጥፎ። አንተ አይደለህም፣ ወንድሜ።»

ከዚያ አምባሩን ጠየቀኝ። ከኪሴ አውጥቼ ስሰጠው ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ። አንድ እጅ ብቻውን ለራሱ አምባር ማጥለቅ አይችልም። ነርሷን ሳሙና ለመንኩና ጣቶቹን ሰብስቤ ቆዳው እስኪላጥ እየገፋሁ አስገባሁለት። እስኪገባ ድረስ አንዴም ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም።