የካፒቴን ቶርኪልድ ፊት መቅላት

ቶርኪልድ የሚስቴ ወንድም ነው፤ ከደሴታችን ወደ ስቬንቦርግ ከተማ የሚመላለሰውን ጀልባ ለብዙ ዓመታት ነድቷል። አርባውን ካለፈ በኋላ ፊቱ ድንገት እንደ ፍም ይቀላ ጀመር። ሙቅ ውሃ፣ ላብ ወይም ትንሽ ንዴት ይበቃዋል። ሆዱንም ይቆርጠዋል።

የጀልባው መካኒክ ፕሬበን አፉ አያርፍም። «ካፒቴን፣ ዛሬም በጠዋቱ ጀመርከው?»

«አዎ፣ ሻይ ነው። ትቀምሳለህ?»

ይጠጣል የሚለው ሐሜት የጀልባው ድርጅት ጆሮ ደረሰ፤ ትንፋሹን በመሣሪያ መረመሩት። ምንም አልተገኘበትም። ሰዉ ግን «መደበቅ ያውቅበታል» ከማለት አልተመለሰም። ቶርኪልድ ግብዣና ጭፈራ መሄድ ተወ፤ ሚስቱ ኢንገርም አብራው ቤት ዋለች።

አንድ ነሐሴ ወደቡ ላይ ምሳውን ሲበላ ተርብ አንገቱን ነደፈችው። ብድግ አለ፣ ነጣ፣ ወደቀ። ፕሬበን እየጮኸ እግሩን ከፍ አድርጎ ያዘው፤ ሄሊኮፕተር መጥቶ ወደ ኦዴንሴ ሆስፒታል ወሰደው።

ሲያገግም ማሌነ የምትባል ሐኪም ጭኑ ላይ ያሉትን ቡናማ ነጠብጣቦች አየች።

«እነዚህስ?»

«እርጅና ነዋ።»

አንዷን በጣቷ ፈተግ ስታደርጋት ወዲያው ቀልታ አበጠች። ሐኪሟ ይህን እንዳየች ደምና መቅኔ አስመረመረች። ውጤቱ ሲነገር እኔና ኢንገር አብረነው ነበርን።

«ማስት የሚባሉ ሕዋሳት በዝተውብዎታል» አለችው። «የሰውነት ዘበኞች ናቸው፤ የእርስዎ ግን ጠላት በሌለበትም ይተኩሳሉ።»

«ማን አዘዛቸው?»

«በዘረ መልዎ ውስጥ አንዲት ፊደል ተለውጣለች። እንዲበዙ የሚያዘው ማብሪያ በርቶ ቀርቷል።»

ቶርኪልድ ስለራሱ ሌላ አልጠየቀም። «ልጄ ነፍሰ ጡር ናት» አለ። «ለእሷም አስተላልፌው ይሆን?»

«አይ፣ ካደጉ በኋላ እርስዎ ላይ የመጣ ለውጥ ነው። ልጅዎ ጋ አይደርስም።»

ያኔ ነው ያለቀሰው።

የተለመዱት መድኃኒቶች ብዙም ስላልረዱት፣ ያንን ማብሪያ ለይቶ የሚያፍን ክኒን ታዘዘለት። መጀመሪያ ላይ ጠዋት ጠዋት ዓይኑ ሥር ያብጥ ነበር።

«ተነሳ አንተ እንቁራሪት፣ ቁርስ ቀርቧል!» ትለዋለች ኢንገር።

«ስታገቢኝ አላየሽም ነበር?»

ቀስ በቀስ መቅላቱ ቀነሰ፣ ሆዱ ረጋ፣ ነጠብጣቦቹም ደበዘዙ። ድኗል ማለት አይደለም፤ ክኒኑን አያቋርጥም፣ ተርብ ቢነድፈው የሚወጋው ሁለት መርፌ ደግሞ በኪሱ ይዞ ይዞራል። ወደ ጀልባው መሪ ግን አልተመለሰም፤ «መንገደኛ ጭኜ ብወድቅስ?» ብሎ ራሱ ተወው። አሁን የወደቡን ሥራ ያስተባብራል።

የልጅ ልጁ ክርስትና ዕለት አዳራሹ በሰው ታፍኖ ነበር። ፕሬበን አጠገቡ መጥቶ ቆመ። «ብዙ ቀለድኩብህ» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ቀልድህ መጥፎ ነበር። የሄሪንግ ዓሣውን አቀብለኝ።»

ሙዚቃው ሲጀመር ኢንገር እጁን ይዛ ጎተተችው። «ላብ ያጠምቀኛል» አላት።

«ያጥምቅሃ!»

ላብ በላብ እስኪሆን ጨፈረ።