በገብስ የተፈተነ ትዳሬ

እኔ የሰበታ ልጅ ነኝ፤ በጃንሆይ ዘመን ሱሉልታ ተዳርኩ። በአማቴ ቤት የሙሽራ እጅ የሚፈተነው በብቅል ነበር። ሙሽራዋ ገብሱን ዘፍዝፋ፣ በኮባ ጠቅልላ፣ ድንጋይ ትጭንበታለች። ከበቀለላት ባለሲሳይ ናት፤ ካልበቀለላት ወደ አባቷ ቤት ይመልሷታል። የሰው ልጅ ትዳር በገብስ ፈቃድ!

አማቴ የከረመውን ገብስ ሸጣ ጨርሳ ኖሮ፣ ገና ከአውድማ የገባውን ሰፍራ ሰጠችኝ። በገብስ አገር ተወልዳ፣ በገብስ አገር አርጅታ፣ እሸት ያህል ትኩስ የሆነ እህል ለብቅል! እኔም "እሺ እማማ" ብዬ ዘፈዘፍኩ።

ኮባው ሲፈታ ገብሱ ከመራሱ በቀር ምንም የለውም። አማቴ ደረቷን ደቃች።

"ያ ዋቃዮ! ፍሬ የምትገድል ሙሽራ አመጣን! የልጄንስ ዘር ምን ልታደርገው ነው?"

ባሌ፣ ያ ጎምላላ፣ የጋቢውን ጥለት ይነካካል።

"አንተስ ምን ትላለህ?" አልኩት።

"እናቴ ታውቃለች።"

"እንግዲያው ጡቷንም ታጥባህ!"

በማግስቱ ሣጥኔን በአህያ ጭነው መለሱኝ።

ፊደል የለየሁት ከዚያ ወዲያ በራሴ ነው፤ ምሥጢሩንም ብዙ ዘመን ቆይቼ ከመጽሐፍ አገኘሁት። በትኩስ ገብስ ውስጥ አብሲሲክ አሲድ የሚሉት ሆርሞን ያይላል። በሴሉ ውስጥ ካለ ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ይጣበቅና ዘሩን በእንቅልፍ የሚያቆዩትን ጂኖች ያሠራል። ቀስቃሹ ጂበሪሊን ይባላል። እሱ ሲበረታ የማብቀያ ጂኖችን አፍነው የያዙ ዘበኛ ፕሮቲኖች ይፈርሳሉ፤ ስታርቹን ስኳር የሚያደርግ ኤንዛይም ይመረታል፤ ቡቃያው ያንን በልቶ ብቅ ይላል። እህሉ በጎተራ ደርቆ ሲከርም የአስተኚው ጉልበት ይላላል፤ ያኔ ውኃ ይበቃዋል። ገብሱ ተኝቶ ነበር እንጂ ማንም አልገደለው። ጂበሪሊን እኔ መዳፍ ላይ አይገኝም፤ አማቴ ጭንቅላት ውስጥማ ከነጭራሹ ምንም አልነበረም።

ያኔ አባቴ ቤት በተመለስኩ በጥቂት ወራት ባሌ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። ከዚያው አዝመራ ጎተራ የከረመው ገብስ በአማቴ እጅ በቅሏል!

"ጸበል ረጭታበት ነው" አለኝ፣ ደረቱን ነፍቶ። "አንቺንም ይቅር ብላሻለች።"

ይቅር ብላኛለች! አባቴ አቀርቅረው፣ "አንቺ የምትይውን ነው የምሰማው" አሉኝ።

"አልሄድም።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ባሌ ደጃፉ ላይ እንደቆመ ላብ አጠመቀው።

"ታዲያ" አለ፣ "እናቴን ምን ልበላት?"